የአሥር ቃል ትንፋሽ

አንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር ሁለት ዓመት ሙሉ ተለማምጃለሁ። አሥር ቃል ነው ያለው። አሥሩንም ያዘጋጀሁት ለአንድ ሰው፣ ለእንድሪስ ነው። እንድሪስ ሾፌር ነው፤ እኔ ደግሞ አንገቴ እስኪሰበር ድረስ የሱ ረዳት ነበርኩ። የምነግራችሁ ያን ዓረፍተ ነገር የተናገርኩበትን ቀን ነው። አስቀድሜ ግን ላስጠንቅቃችሁ፤ መጨረሻ ላይ ተቃቅፈን የምንላቀስበት ታሪክ አይደለም። እንደዚያ ያለ ከፈለጋችሁ ሌላ ገጽ ግለጡ።

ስሜ ይመር ነው። የአርዲቦ ሐይቅ ዳር ልጅ ነኝ። ከደሴ ሐይቅ ከተማ፣ ከሐይቅ ውጫሌ፣ ሲቀናን እስከ መርሳ በሚሄድ ሚኒባስ ላይ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባል የለ፤ እኔ በአፌ ነበር የምኖረው። ሐይቅ መናኸሪያ ቆሜ «ውጫሌ፣ ውጫሌ፣ ሁለት ሰው» ስል ገበያ የወጡ ሴቶች ጆሯቸውን ይይዙ ነበር። ሁለት ሰው የምለው ስምንት ወንበር ባዶ ሆኖ ነው። እንድሪስ መሪውን ይዞ በዚህ ይስቅ ነበር። በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት ይበልጠኛል፤ ጋሼ እለዋለሁ፣ አንቱ እለዋለሁ። ጥሩ ሾፌር ነበር። ይህን የምለው አዝኜለት ሳይሆን እውነት ስለሆነ ነው።

ሾፌርና ረዳት የሚግባቡት በምት ነው። ጣሪያ ላይ ወጥቼ ዕቃ ሳስር ሾፌሩ አያየኝም። አስሬ ስጨርስና አጥብቄ ስይዝ ጣሪያውን ሁለት ጊዜ በመዳፌ እመታለሁ፤ ያን ጊዜ ይነዳል። ሳይመታለት የሚነዳ ሾፌር ረዳት አያገኝም። በዚያ መንገድ ላይ የትራፊክ መብራት የለም፣ ታሪፍ የሚያከብር የለም፤ ይህን ሕግ ግን ሁሉም ያከብረዋል።

የዚያን ዓመት መስከረም ማለቂያ ላይ ከግሸን የሚመለሰው ምዕመን ውጫሌን አጥለቅልቆት ነበር። ጣሪያችን ላይ የሰው ጓዝ ተቆልሏል። ገመዱን ላጠብቅ ወጥቼ አንዱን ጫፍ ስጎትት ከኋላ የትራፊክ ፖሊስ ፊሽካ ተሰማ። እንደዚያ መጫን እንደሚያስቀጣ እኔም እንድሪስም እናውቃለን። «ቆዩ ጋሼ» ልል አፌን ስከፍት መኪናው ተፈተለከ። ገመዱ ከእጄ ወጣ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው አስፋልቱ ጉንጬን እንዴት እንዳቃጠለኝ ነው። ልጮህ ሞከርኩ፤ መናኸሪያው ሁሉ የሚያውቀው ያ ጉሮሮ ምንም አላወጣም።

እንድሪስ ለፖሊሱም ለእናቴም ለጠየቀው ሁሉ አንድ ነገር ነው የተናገረው። «መትቶልኝ ነው የነዳሁት። ከዚያ ሚዛኑን ስቶ ወደቀ።» ጣሪያው ላይ ከእኔ በቀር ሰው አልነበረም። እኔ ደግሞ ማውራት አልችልም።

አንገት ሲሰበር የሚሽመደመደው እግር ብቻ ይመስላችኋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎች፣ የሆድ ጡንቻዎች፣ ሳል የሚያስሉት ሁሉ አብረው ይሄዳሉ። ለእኔ የቀረልኝ ከሳንባ ሥር ያለው ድያፍራም የሚባለው ጡንቻና አንገቴ ነው። ክንዴን ማጠፍና ማወዛወዝ እችላለሁ፤ ጣቶቼ ግን አይጨብጡም። ትንፋሼ በሁለት ቃል ያልቅ ነበር። «ውሃ ስጡኝ» ካልኩ ለሚቀጥለው ቃል እንደገና አየር መልቀም አለብኝ።

ከሆስፒታል ወጥቼ ቤት በገባሁ በሁለተኛው ሳምንት ሸህ ጡሃ ሽማግሎች ይዘው መጡ። ሸህ ጡሃ በእኛ አካባቢ ስንት ደም ያደረቁ፣ ስንት ባልና ሚስት ያስታረቁ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ለክብራቸው «ሸሆቹ» እንላቸዋለን። እንድሪስ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ገባ። በእኛ አገር ሸህ ሲገባ ተጋድሞ መቀበል ነውር ነው፤ የታመመም ቢሆን ቀና ይላል። እናቴ ትራስ በትራስ ላይ ደርድራ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችኝ። ነፍሷን ይማርና፣ በአክብሮት ልትገድለኝ ነበር። እንደ እኔ የተጎዳ ሰው ቀጥ ብሎ ሲቀመጥ ሆዱ ወደ ፊት ይወድቃል፤ ድያፍራሙ የሚደገፍበት ያጣል፤ ትንፋሹ ያጥራል። ይህን ያን ጊዜ ማንም አልነገረንም። በአንገቴ ጡንቻ አየር ስስብ ራሴ በየትንፋሹ ወደ ታችና ወደ ላይ ይል ጀመር።

ሸህ ጡሃ እጄን ያዙ። «ይመር ልጄ፣ የመጣው ከአላህ፣ ከጀሊሉ ነው። እንድሪስ ወንድምህ ነው፤ አስቦ አላደረገውም። ይቅር በለው፤ አውፍ ብለኸዋል?»

ራሴ ወደ ታች፣ ወደ ላይ።

«አልሐምዱሊላህ፣ አውፍ ብሏል» አሉ። «እጃችሁን አንሱ።»

የእርቁ መዝጊያ ፋቲሃ ተቀራ። ሁሉም መዳፉን ፊቱ ላይ አሳረፈ። እናቴ አለቀሰች። እንድሪስ መጥቶ ግንባሬን ሳመኝ፤ ጢሙ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ ዓይኔን መጥረግ እንኳ አልቻልኩም። እኔ የነቀነቅኩት ለመተንፈስ ነበር። አውፍ አላልኩም፤ ልልም አላሰብኩም።

የፖሊሱም ክስ በዚያው ቀረ። ለምን ኋላ አልተናገርክም ትሉኝ ይሆናል። ተናግሬያለሁ። ለእናቴ በሁለት ሁለት ቃል እየቆራረጥኩ ነግሬያታለሁ። «ልጄ፣ ፋቲሃ ከተቀራበት በኋላ ነገር አይነሳም። አላህን ፍራ» አለችኝ፤ ሁለተኛ እንዳነሳባትም ለመነችኝ። ሊጠይቁኝ ለሚመጡትም ጀምሬላቸው ነበር። ግን ሁለት ቃል ተናግሬ አየር ስፈልግ፣ ሦስተኛውን እነሱ ይጨርሱልኛል። «እንድሪስ ጣሪያውን...» ስል፣ «አዎ፣ እንድሪስማ ሁሌ ይጠይቅሃል፣ ደግ ሰው ነው» ይሉኛል። ሰው የበሽተኛን ዓረፍተ ነገር መጨረስ ደግነት ይመስለዋል። እንድሪስ ደግሞ ሐይቅ ላይ «አውፍ ያለኝ ወንድሜ» እያለ ስሜን ይጠራል። ሁለተኛ መኪና ገዛ። እኔ ሷቢሩ ይመር ተባልኩ፤ ታጋሹ፣ ይቅር ባዩ። ጥርሴን እያፋጨሁ ሦስት ዓመት በሰው አፍ ይቅር ስል ኖርኩ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የተወጋው ይቅር ብሏል ተብሎ ሲመሰገንማ ቁስሉ በየቀኑ ይታደሳል።

እናቴ በሞተች በዓመቱ መላኩ መጣ። መላኩ ደሴ የሚሠራ ፊዚዮቴራፒስት ነው፤ እናትና አባቱ ሐይቅ ስለሚኖሩ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። እህቴ ዘይነብ ናት መንገድ ላይ ይዛ ያመጣችው። በልጅነቱ እስጢፋኖስ ገዳም ዜማ ስለተማረ፣ «ትንፋሽ መቆጠብ ያስተማሩኝ መሪጌታ ናቸው፤ ኮሌጅ የጨመረልኝ ስሙን ብቻ ነው» ይላል።

«በአንድ ትንፋሽ እስከ ስንት ትቆጥራለህ?» አለኝ። ደግፈው አስቀምጠውኝ ነበር። አራት ላይ ቆምኩ።

«አስተኚው» አላት ዘይነብን። በጀርባዬ ጠፍጣፋ አስተኙኝ። «አሁንስ?»

ሰባት ደረስኩ። ለምን እንደሆነ፣ ሆድ ሲተኛና ሲቀመጥ ምን እንደሚሆን አስረዳኝ። እሱ እያስረዳ እኔ ሌላ ነገር እያሰብኩ ነበር። ያን ቀን እናቴ ቀና ባታደርገኝ ኖሮ፣ ሸሆቹ ፊት ተጋድሜ ብቆይ ኖሮ፣ «አላልኩም» ለማለት ይበቃኝ ነበር። አንድ ቃል ነበር የጎደለኝ። ንዴቱ ደረቴን ሞላው፤ ደረቴ የሚሞላበት ሌላ ነገር አልነበረውም።

«የተቆረጠው ነርቭ አይመለስም፤ እሱን አልዋሽህም» አለ መላኩ። «የተረፉልህ ጡንቻዎች ግን ሦስት ዓመት ተኝተው የሚበሉ ሰነፎች ናቸው። እነሱን እናሠራቸዋለን። እኔ የምፈልገው እንድትስል ነው። እንዳንተ ያለውን ሰው የሚገድለው አንገቱ አይደለም፤ መውጫ ያጣ አክታ ነው።»

እሱ ሳል ፈለገ፤ እኔ ዓረፍተ ነገር ፈለግኩ። አልነገርኩትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ገባሁ። አየር ስትስብ የምትታገል ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አመጣልኝ፤ ጠዋት ሠላሳ፣ አመሻሽ ላይ ከዐስር ሶላት በኋላ ሠላሳ ጊዜ በሷ እስባለሁ። እየቀለለችኝ በመጣች ቁጥር መላኩ ማጥበቂያዋን ትንሽ ያዞራታል። ሆዴ ላይ የምስር ከረጢት ይቀመጥና በትንፋሽ አነሳዋለሁ። በቱቦ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ እተነፍሳለሁ፤ አረፋው ሳይቋረጥ ስንት እንደሚቆይ ዘይነብ ትቆጥራለች። ከሁሉ የበለጠው ግን ትንፋሽ መደራረብ ነው። አየር ትጎርሳለህ፣ ሳታስወጣው ሌላ ትጎርሳለህ፣ ደግሞ ሌላ። «እንደ እንቁራሪት» አለኝ መላኩ። የአርዲቦን ልጅ እንቁራሪት ሊያስተምር። ለመቀመጫ ደግሞ ሆዴን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ሰፊ መቀነት ዘይነብ ሰፋችልኝ፤ እሱ ሲታሰር ቁጭ ብዬም አየር አገኛለሁ።

መላኩ ቁጥር ቁጠር ይለኛል፤ እሱ ሲሄድ የኔን ቃላት እቆጥራለሁ። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ስድስት ቃል ደረስኩ። ስድስቱ አይበቃም፤ ስድስተኛው ላይ ከቆምኩ ሰባተኛውን ሰው ይጨርስልኛል። ማንም ጣልቃ የሚገባበት ክፍተት እንዳይኖር ሁሉም በአንድ ትንፋሽ መውጣት አለበት። በሁለተኛው ዓመት አሥር ሞላ። የበቀል ጉልበት ምን ያህል እንደሆነ የማያውቅ ሰው «ምን ያተጋሃል?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። «ኢማን ነው፣ እምነት» እለዋለሁ።

በዚያው ሰሞን እንድሪስ ለዘይነብ ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጋ አሰማችኝ።

«ዘይነብ እህቴ፣ እንዴት ናችሁ። አላህ ካለ ዓርብ ለሐጅ ልነሳ ነው። ሐሙስ የስንብት ሶደቃ አበላለሁ፤ ሰው ሁሉ አውፍ እንዲለኝ ሰብስቤያለሁ። መኪና እልካለሁ፣ ይመርን ይዘሽልኝ ነይ። እሱ ከሌለ ሐጄ ሐጅ አይሆንም።»

ለማታውቁ ልንገራችሁ። ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት የበደለውን ሁሉ አውፍ ማስባል አለበት። ራሱ በአላህ ላይ ያጠፋውን አላህ ይምረዋል፤ የሰውን ሐቅ ግን ባለሐቁ ካልማረው ተሸክሞት ይሄዳል፣ ተሸክሞት ይመለሳል። እንድሪስ የሚፈልገኝ ይቅር ባዩን ይመርን ለሕዝብ ሊያሳይ ነበር። ነገሩን ከዓመታት በፊት የጨረሰው መስሎታል።

ዘይነብ ስልኩን ዘጋችና አየችኝ። «ትሄዳለህ?»

«እሄዳለሁ።»

«ምን ልትለው?»

«አሥሯን ነዋ።»

ዘይነብ አሥሯን ከእኔ እኩል ታውቃታለች። «ይመር፣ ሰውየው እኮ ወደ አላህ ቤት ነው የሚሄደው» አለች።

«እኔስ ከወደቅኩ ወዲህ ወዴት ሄድኩ?» አልኳት። የምለብሰውን ነጭ ጀለቢያ ልታጥብ ወጣች።

ሐሙስ ከዙህር ሶላት በኋላ ሐይቅ ደረስን። እንድሪስ ግቢ ውስጥ ሰፊ ዳስ ተጥሏል፤ ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በመጋረጃ ማዶ። በሩ ላይ ሁለት የድንጋይ ደረጃ ነበር። አራት ወንዶች ዊልቸሩን ከነእኔ አንስተው አሻገሩኝ። ሲያነሱኝ የአንዱ እጅ ከጀለቢያዬ ሥር ያለውን መቀነት ያዘና ቋጠሮው ተፈታ። ወደ ወገቤ ተንሸራተተ፤ ጨርቁ ተሰምቶኝ አይደለም፣ ሆዴ ወደ ፊት ሲወድቅና አየሩ ሲያጥር ነው ያወቅኩት። ዘይነብን ለመጥራት ዞርኩ። ወደ ሴቶቹ ወስደዋታል። አጠገቤ ያለውን ሽማግሌ «መቀነቴን...» አልኩት። «አዎ፣ ሙቀት ነው፣ አይዞህ» ብሎ በጋዜጣ ያራግብልኝ ጀመር።

ላቤ ወረደ። ሁለት ዓመት የለፋሁበት አሥር ቃል አጠገቤ በማራገቢያ ሊበተን ነው። ያለ መቀነት ቁጭ ብዬ ከአራት ቃል አልዘልም፤ ደንግጬ ደግሞ ከሦስት።

እንድሪስ ተነሳ። ነጭ ለብሷል፤ ሸምግሏል። ፊቱን ካየሁት ቆይቶ ነበር። «ጀመዓ» አለ፣ «መንገድ ላይ የኖርኩ ሰው ነኝ። ያመናጨቅኩት፣ የሰደብኩት፣ ያስቀየምኩት አይጠፋም። ለአላህ ብላችሁ አውፍ በሉኝ።»

«አውፍ ብለናል» አለ ዳሱ በአንድ ድምፅ።

ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ሰው ሁሉ ዞረ። ሸህ ጡሃ በምርኩዛቸው ተነስተው አጠገቤ ቆሙ። አርጅተዋል፣ ጆሯቸውም ደክሟል። እንድሪስ ጉልበቱን አጥፎ እጄን ያዘና፣ «ይመር ወንድሜ፣ ድሮም ብለኸኛል፤ ዛሬ ሰው ፊት ድገምልኝ» አለ።

አየር ጎረስኩ። «ጣሪያውን አል...» አለቀ። አንገቴ ለሚቀጥለው ትንፋሽ መሳብ ጀመረ። ራሴ ወደ ታች፣ ወደ ላይ።

«አውፍ ብሏል» አሉ ሸህ ጡሃ። «አልሐምዱሊላህ። እጃችሁን አንሱ።»

መቶ እጅ ተነሳ። ዓይኔ እያየ ያው ነገር ሁለተኛ ሊፈጸምብኝ ነው። በዚያች ቅጽበት የተሰማኝን ጥላቻ ልደብቃችሁ አልፈልግም። እንድሪስን ብቻ አልነበረም የጠላሁት፤ የተነሳውን እጅ ሁሉ ጠላሁት። በቀኜ በኩል ሻይ የተደረደረበት ትሪ ነበር። ክንዴን ከትከሻዬ ወረወርኩት። ትሪው ከነብርጭቆው ሸሆቹ እግር ሥር ወርዶ ተከሰከሰ።

ፋቲሃው ቆመ። «ተቃጠለ፣ ተቃጠለ» ይባባላሉ። ዘይነብ መጋረጃውን ገልጣ በወንዶቹ መሃል መጣች።

«ምን ሆንክ?»

«አስተኙኝ» አልኩ። ለዚህ የሚሆን ትንፋሽ ነበረኝ።

«ደክሞታል፤ ወደ ቤት ውስጥ እናስገባው» አለ አንዱ።

«እዚሁ።»

«ሸሆቹ ፊት? ኧረ በአላህ፣ ነውር ነው» አለ ሌላው።

ዘይነብ አልሰማችውም። ጀለቢያዬን ዳብሳ መቀነቱ መፈታቱን አወቀች። «ወንድሜ የሚናገረው አለ። የሚናገረው ተኝቶ ነው። አንሱልኝ» አለች። ሴት ልጅ በዚያ ዳስ መሃል እንደዚያ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። አራቱ ሰዎች አወረዱኝና ምንጣፉ ላይ፣ እንደ ጀናዛ፣ እንደ ሬሳ፣ በጀርባዬ አስተኙኝ። መቀነቱን አጥብቃ መልሳ አሰረችው።

ከታች ሆኜ ሁሉንም አየኋቸው። ሸራው፣ ጢሞቹ፣ የሸህ ጡሃ ምርኩዝ፣ የእንድሪስ ፊት። ለስድስት ዓመት አንገቴን ቀና አድርጌ ያየሁት ሰው አሁን እኔን ለማየት አንገቱን አቀረቀረ። አየር መጉረስ ጀመርኩ። አንድ። በላዩ ሌላ። በላዩ ሌላ። አፌን ስከፍትና ስዘጋ ያዩኝ አንድ ሽማግሌ ነፍሴ ልትወጣ የደረሰች መስሏቸው ጆሮዬ ሥር ተንበረከኩና «ላኢላሃ ኢለላህ በል ልጄ፣ ላኢላሃ ኢለላህ» ይሉኝ ጀመር። አላህ ይማረኝ፣ ሳቄ መጣ። ብስቅ ግን አየሩ ያልቃል። አምቄ ስድስተኛውን ጎረስኩ። እንድሪስን ዓይን ዓይኑን አየሁትና ተናገርኩ።

«ጣሪያውን አልመታሁም፤ ሳልመታ ነድተህ ጣልከኝ፤ ያኔም አውፍ አላልኩህም፤ ዛሬም አልልህም።»

አሥሩም ወጡ። አንዱም አልተሰበረም። አንተ ነው ያልኩት፤ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አልኩት። ዳሱ ውስጥ ቃሌን የሚጨርስልኝ ሰው አልነበረም፤ ምክንያቱም ጨርሼው ነበር።

እንድሪስ ይክዳል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። «ወላሂ መትቶልኛል» ቢለኝ የምለው ሌላ አምስት ቃል ነበረኝ። እሱ ግን ቁጭ አለ። ነጩ ልብሱ የፈሰሰው ሻይ ላይ ተነከረ።

«አልመታም» አለ።

ሸህ ጡሃ አልሰሙም። «ምን አልክ?»

«አልመታም ሸሆቹ። ፊሽካ ስሰማ ደነገጥኩ። ላይ የሆነ ነገር ኳ ያለ መሰለኝ። ምት ነው አልኩ ለራሴ። ምት እንዳልሆነ ግን ያኔም አውቄያለሁ፤ ስድስት ዓመት የሱን ምት ሰምቻለሁ፣ አላጣውም።» ፊቱን በእጁ ያዘ። «ለራሴ ደጋግሜ መትቶልኛል ስል፣ መትቶልኛል ሆነ።»

ሸህ ጡሃ ምርኩዛቸውን ጥለው አጠገቤ ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ። «ያን ቀን ራስህን የነቀነቅከው...» ብለው አቆሙ።

«ለመተንፈስ» አልኳቸው።

ከዚያ ሁሉም እየሰማ፣ «ቃልህን ጨርሼ ሐቅህን ዘጋሁብህ። ልጄ፣ እኔን አውፍ በለኝ» አሉ።

«አውፍ ብያለሁ ሸሆቹ» አልኩ። ከልቤ ነበር፤ ምንም አላስቸገረኝም።

ያን ጊዜ ሁሉም ተነሳሳ። «እሱንም በለው። እውነቱን አውጥቷል፣ ምን ቀረህ? ነገ መንገደኛ ነው። ለነቢ ብለህ።» ሴቶቹ በመጋረጃው ማዶ ያለቅሳሉ። እንድሪስ አልለመነም፤ አየኝ ብቻ። ትንፋሽ ቀርቶኝ ነበር። ዘይነብን «ወደ ቤት» አልኳት። ስወጣ ምግቡን የነካ ሰው አልነበረም። ደስ ብሎኛል ወይ? አዎ፣ ደስ ብሎኛል። መኪናው ውስጥ አርዲቦ እስክንደርስ እስቅ ነበር፤ ስስቅ አክታ ያዘኝና ዘይነብ ሆዴን ገፍታ አሳለችኝ።

እንድሪስ አልሄደም። ዓርብ ጠዋት ጓዙን ፈታ። ሐይቅ ላይ ወሬው ተገለበጠብኝ፤ ሷቢሩ ይመር ቀረና ሰው ከካዕባ ያስቀረ ይመር ሆንኩ። መላኩ ሲሰማ፣ «እኔ ያስተማርኩህ እንድትስል ነው» አለኝ። ቆየና ግን፣ «በአንድ ትንፋሽ አሥር?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ፊቱ ላይ ያለውን ኩራት ሊደብቅ አልቻለም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የታመመ ሰው ጠይቃችሁ ቃሉ ሲቆራረጥ አትጨርሱለት። ትንፋሹ እስኪመለስ ጠብቁት፤ ቢያስፈልግ ተኝቶ ያናግራችሁ። ቀና ማለት አክብሮት የሚሆነው ቀና ለሚል ሰው ነው። ራሱን ቢነቀንቅ አዎ አለ አትበሉ። እንደ እኔ ዓመታት የቆየ ጉዳት ያለው ካለ ደግሞ፣ ጊዜው አልፏል አትበሉት፤ ትንፋሽ ከዓመታት በኋላም ይሠለጥናል። ምን ሊል እንደሚፈልግ አትጠይቁት። የሚለውን እሱ ያውቃል።

ምን ተለወጠልህ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ ሰዎች አሁን ይጠብቁኛል። ስናገር አፋቸውን ዘግተው አየር እስክሰበስብ ይቆያሉ። ገሚሱ ከአክብሮት፣ ገሚሱ ከፍርሃት ነው፤ ሁለቱንም እወደዋለሁ።

እንድሪስ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ይመጣል። መጀመሪያ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ይሄድ ነበር፤ ኋላ ዘይነብ አስገባችው። ብዙ አንነጋገርም። ባለፈው ክረምት ጉንፋን ይዞኝ፣ ዘይነብ ገበያ በሄደችበት አክታ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። እንዴት እንደሚገፋ ሲያያት ስለቆየ፣ ሳልነግረው ተነስቶ ሁለት እጁን ሆዴ ላይ አኖረ። ሦስቴ ገፋኝና ወጣልኝ። አላመሰገንኩትም። ተመልሶ ተቀመጠ።

ሐጅ ሳይሄድ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ጠዋት ሠላሳ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ሠላሳ አሁንም እስባለሁ፤ አሥራ አራት ቃል ደርሻለሁ። እሱ የሚጠብቀው ቃል አንድ ነው። ያን ያህል ትንፋሽ ከመላኩም በፊት፣ በወደቅኩ ማግስትም ነበረኝ። ጁምዓ ሲመጣ አፌን እከፍታለሁ፤ እስካሁን አልወጣልኝም።